የሚያቃስተው ዲፈረንሻል

የላንድክሩዘሬ የኋላ ዲፈረንሻል በተጠገነ በሳምንቱ ማቃሰት ይጀምራል። በሦስተኛው ጊዜ ደሜ ፈላ። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ከመጣች ወር ያለፋትን እናቴን እንደጫንኩ ዌስትላንድስ ሰፈር ካለው መካኒኬ፣ ካማው ጋ ከተፍ አልኩ።

ካማው ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ፈትቶ ዘይቱን ቢያወርደው የአገሬውን የወተት ሻይ መስሏል።

«ማጂ ገብቶበታል። ወንዝ ትሻገራለህ እንዴ?»

«ከላቪንግተን ቤቴ ቢሮ ለምመላለስ ሰው የምን ወንዝ? አንተ ነህ በደንብ ያልገጠምከው!» ብዬ ጮህኩበት። ጋራዡ በሙሉ ሥራውን ትቶ ከበበን።

እናቴ መስኮቱን አውርዳ «ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ።

«ውኃ ገብቶበታል ይላል፣ ቀጣፊ!»

«የምን ውኃ!» ብላ ተቆጣች። «እንደዚያ ሲያቃስት አሳዝኖኝ፣ ከጋራዥ በመጣ ቁጥር ዘበኛህን ቡሎኑን አስፈትቼ የምጨምርለት የሚካኤል ጠበል ነው እንጂ!»