ባና ይዛ ላብራቶሪ የገባችው ተማሪ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሁለት ነገር አስረከቡኝ፤ የኮምፒውተር ላብራቶሪውን ቁልፍና አንድ ጥንድ አዲስ የላስቲክ ነጠላ ጫማ። ቁልፉስ ይሁን፣ ነጠላ ጫማው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። «እዚህ ቤት ማንም በውጭ ጫማው አይገባም፣ እትዬ አልጋነሽ። ይሄ ከበሩ ወዲህ ብቻ የሚደረግ ነው» አሉኝ።

ምክንያታቸው አቧራ ነበር። የምህንድስና ካምፓሳችን ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ገላጣ ቦታ ላይ ነው የተሠራው። በበጋ ነፋሱ ሲነሳ መስኮት መዝጋትም አይበጅም። ኮምፒውተሮቹን ፈትቼ በብሩሽ ሳጸዳ የሚወጣው አፈር ጎመን ያስተክላል።

ስለዚህ ደንቡን ወደድኩት። ተማሪው ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ይገባል፤ እኔና መምህራኑ ደግሞ በነጠላ ጫማችን። የላስታ ልጅ ጫማ አውልቅ ሲባል ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሲያወልቅ ነው ያደገው። እንዲያውም አንዱ የላብራቶሪውን መቃን ሊሳለም ጎንበስ ሲል ደርሼ መልሼዋለሁ።

የሥራ መደቤ «ቴክኒካል ረዳት» ይባላል። የተበላሸ እጠግናለሁ፣ ሶፍትዌር እጭናለሁ፣ ቫይረስ አጠፋለሁ፣ ፍላሽ ረስቶ የሄደውን አሳድዳለሁ። ከሁሉ የምወደው ግን በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎችን ከላብራቶሪው ጋር ማስተዋወቅ ነበር። ማብሪያው ይሄ ነው፣ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ፣ መብራት ድንገት ሊሄድ ስለሚችል ሥራችሁን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ እላለሁ። ኮምፒውተር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ማውሱን እንደ እንቁላል ሲይዘው አይቼ ስቄያለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ እኔን ሲያርመኝ አይቼ ተደስቻለሁ።

ኃላፊው በዚያ ቀን ብቅ ብለው የማይቀር ቀልዳቸውን ይናገራሉ። «ኮምፒውተር የሚፈራ ካለ ከአሁኑ ሌላ ትምህርት ክፍል ይምረጥ!» ተማሪው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ይታይሽ ከፍላቂት አካባቢ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ስትሆን በሒሳብ ከክፍሏ የሚቀድማት አልነበረም። ላብራቶሪ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። በኮምፒውተር ንድፍ መሥራት የሚለማመዱበት ሰዓት ነው፤ እሷ መስመር ስትስብ እጇ ድንገት ይፈናጠርና መስመሩ ወደ ሌላ ይሄዳል። ታጠፋዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች፣ እንደገና ይፈናጠራል። ሌሎቹ ቤት ሠርተው ጣሪያ ሲያለብሱ እሷ ግድግዳ ላይ ናት።

የተግባር ፈተናውን ወደቀች። ኃላፊው ቢሮ ጠሯትና እኔ ባለሁበት ነገሯት። «ድጋሚ ፈተና አለሽ። እሱን ካላለፍሽ እዚህ መቀጠል አትችይም፤ ወደ ሌላ ትምህርት ክፍል ትዛወሪያለሽ።»

«እሺ» አለች። ከቢሮው ስንወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አንጀቴን በላችው። መሐንዲስ ልትሆን ነው የመጣችው፤ ድልድይ ሠርታ የምትመለስ ይመስል አገሩ ሁሉ መርቆ ነው የላካት።

«ከገጠር ስለመጣች ፈርታ ነው፤ ልምምድ ይጨመርላት» አልኩ ለኃላፊው። ተስማሙ። ማልዳ እንድትለማመድ ከጠዋቱ ተማሪዎች ጋር ደለደልኳት። ጠዋት ጠዋት ወለሉ ይወለወላል፤ ሲሚንቶው ገና እርጥብ እያለ ነው የሚገቡት። ልጅቷ ባሰባት።

አንድ ጠዋት በተማሪዎቹ መካከል ስዘዋወር ከይታይሽ እግር ሥር የተጣጠፈ ጥቁር ነገር አየሁ። ባና ነው። ይሄ የእኛ አገር የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ አቧራ በመያዝ የሚስተካከለው የለም። ደሜ ፈላ።

«አንቺ! ጫማ የምናስወልቀው ለጌጥ መሰለሽ? አውጪው ይሄን!»

«እትዬ፣ ባናው ከሚወጣስ እኔው ብወጣ ይሻላል።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ያለሱ ጠረጴዛው አያስቀምጠኝም። ይነዝረኛል።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷ አልሳቀችም። «ካላመኑ ይንኩት» አለችኝ።

ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግኩ። ጠረጴዛዎቻችን ከተማ ውስጥ የተበየዱ፣ ጠርዛቸው ብረት የሆነ ናቸው፤ የኮምፒውተሩም የብረት ሳጥን እላያቸው ላይ ነው የሚቀመጠው። ምንም የለም። «ይኸው ነካሁት» አልኳት።

«እንዲያ አይደለም። ነጠላ ጫማዎን ያውልቁና» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አወለቅኩ። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ ክንዴን ጠርዙ ላይ ሳሳርፍ ኮረንቲው እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። «በስመ አብ!» ብዬ ወደ ኋላ ስል ወንበር ይዤ ወደቅኩ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩትና ሁሉንም በር ላይ ሰበሰብኳቸው። ነዝሮት የሚያውቅ እጁን ያውጣ ስል እዚህም እዚያም እጅ ወጣ። ካልሲ ያደረጉት ብዙም አልተሰማቸውም፤ ትንሽ ቢሰማቸውም ማሽኑ እንዲያ ነው ብለው ትተውታል። ይታይሽ ካልሲ የላትም። በኮንጎ ጫማ መጥታ በባዶ እግሯ ነው የምትገባው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ ቀን፣ የሚፈራ ሌላ ቦታ ይሂድ ተባለ። ሁሉም ችሎት እኔ ብቻ ያቃተኝ መሰለኝ። ብናገር ፈራች ብለው ያባርሩኛል ብዬ ነው።»

«ባናውንስ ማን አሳየሽ?»

«እኛ አገር ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ባለወፍጮው ማብሪያውን ሲነካ ጆንያ አጣጥፎ ይቆምበታል። ጆንያ አጣሁ። ከብርድ ልብሴ ቆረጥኩ።»

ላስታ ውስጥ ብርድ ልብስ መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ የእኛን ደጋ ሌሊት ያደረበት ያውቀዋል። እናቷ የፈተለችው ባና ነው። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ተማሪዎቹ ፊት መሆኔም ግድ አልሰጠኝም።

የካምፓሱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋሽ ሞላ መጥተው ሶኬቶቹን ፈቱ። ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ በየሶኬቱ አለ። ተከትለውት ከሕንፃው ጀርባ ቆፈሩ፤ እዚያ ቁራጭ ብረት ስንዝር አፈር ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ። ከሥሩ አለት ነው። ሕንፃውን የሠሩት ሰዎች ብረቱን ወደ ታች ሊመቱት ሞክረው አለቱ እምቢ ሲላቸው ቆርጠው አፈር አልብሰውት ሄደዋል።

«ይሄ አገር ድንጋዩ ይፈለፈላል እንጂ በመዶሻ አይቸነከርበትም» አሉ ጋሽ ሞላ እየተናደዱ። ከየኮምፒውተሩ የሚያፈተልከው ኮረንቲ መውረጃ አጥቶ እዚያው የጠረጴዛዎቹ ብረት ላይ ሲዞር እንደከረመ አስረዱን። ከዚያ ታች አትክልቱ ዘንድ፣ አፈሩ ጥልቅ የሆነበት ቦታ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ከሰልና ጨው ሞልተው፣ አዲስ ብረት ቀበሩበት።

ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ኃላፊው መጥተው ነበር። ዋናውን ማጥፊያ አስነሱ፣ ነጠላ ጫማቸውን ራሳቸው አወለቁ፣ ጠርዙን ነኩ። እጃቸውን እያሻሹ «ያ ፈተና ተሰርዟል። ሁሉም እንደ አዲስ ይፈተናል» አሉ።

ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ የተዛወረው የአምናው ልጅስ?»

ልጁን ፈልገን አገኘነው፤ ሒሳብ አያያዝ እየተማረ ነው። ከፈለገ መመለስ እንደሚችል ነገርነው። «አይ፣ ለምጄዋለሁ። ኮምፒውተር እንደማይሆነኝ አውቄዋለሁ» አለን። እንደዚያ እንዳልሆነ ልናስረዳው ሞከርን፤ በትሕትና ሰምቶን ሄደ።

ይታይሽ በአዲሱ ፈተና ቤቷን ሠርታ፣ ጣሪያዋን አልብሳ፣ ደረጃ ሁሉ ጨምራበት ወጣች። ዛሬ መሐንዲስ ናት። ያ ልጅ ግን ዛሬም ኮምፒውተር አይሆነኝም ብሎ የሚያምን ይመስለኛል።

በቅርቡ ጡረታ ወጣሁ። በእኔ ቦታ ለተተካችው ልጅ ቁልፉን ሳስረክብ የነገርኳት አንድ ነገር ነው። ተማሪው ፈራ ከማለትሽ በፊት ነጠላ ጫማሽን አውልቀሽ እሱ የተቀመጠበት ተቀመጪ።