የውሃ እመቤት ጠባቂ

ሐረገወይን በአገሯ የታሪክ አስተማሪ ነበረች፤ ጄኔቭ ግን ሃያ ሦስት ዓመት የሠራችው በአንድ ትንሽ ሙዚየም ጥበቃ ሆና ነው። ጠዋት ጠዋት ከካሩዥ በትራም ትመጣና ሰማያዊ ኮቷን ደርባ ሦስተኛው አዳራሽ ውስጥ ትቆማለች። አዳራሹ የሜሺካዎች ነው፤ ዛሬ ሜክሲኮ ከተማ ባለችበት ስፍራ፣ ሐይቅ መሀል ከተማ ቆርቁረው የኖሩ ሕዝብ ናቸው።

መሀሉ ላይ የተንበረከከች የድንጋይ ሴት አለች። ሐረገወይን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጀርባዋን ሰጥታት ነበር የምትቆመው። «ጣዖት ልጠብቅ ነው እንዴ ከአገሬ የወጣሁት?» እያለች በሆዷ ታማርር ነበር። ኋላ ግን አስተማሪነቷ አላስቀምጥ አላትና ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መዋስ ጀመረች። ጭቃና ሸምበቆ ደራርበው ውሃ ላይ በቆሎ ያበቅሉ እንደነበር፣ የድሃ ልጅ ሳይቀር ትምህርት ቤት ይገባ እንደነበር፣ ከተማቸው በስፔኖች ተከቦ በረሃብና በፈንጣጣ እንዳለቀ፣ የቤተ መቅደሳቸው ድንጋይም ለድል አድራጊዎቹ ቤት መሥሪያ እንደሆነ አነበበች። ተማሪዎች እየተሳሳቁ «ሰው ያርዱ ነበር አይደል?» ሲሏት፣ «አዎ፣ ለአማልክታቸው ይሠዉ ነበር» ትላለች ሳትደብቅ። «ልጆቻቸውንም ያስተምሩ ነበር። ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ።»

ጡረታ ልትወጣ ሦስት ዓመት ሲቀራት፣ አንድ የሐምሌ ቀን፣ ከሜክሲኮ ለነባር ሕዝቦች ስብሰባ የመጡ ባልቴት ከአስተርጓሚያቸው ጋር ገቡ። ባልቴቷ ዛሬም የሚናገሩት ያንኑ የሜሺካዎችን ቋንቋ ነው። ድንጋዩ ፊት ቆሙ። ከዚያ፣ ሰው ከዘመዱ ጋር እንደሚጫወት፣ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ።

«ምን አሉ?» አለች ሐረገወይን።

«ጠምቷታል አሉ» አለ አስተርጓሚው። «የውሃ እመቤት ናት። በመንደራቸው ምንጭ ዳር አበባ ያቀርቡላታል። ትንሽ ውሃ ፊቷ ማኖር ይቻላል?»

አይቻልም። ጠርሙስ ይዞ መግባት እንኳ ክልክል ነው። ሐረገወይን ግን ወደ ሠራተኞች ክፍል ሄዳ በራሷ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ መጣችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ባልቴቷ ተንበርክከው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አኑረው አለቀሱ።

ሲነሱ እጇን ያዙ። «አንቺስ ሙታንሽን የት ሄደሽ ታለቅሻለሽ?» አሏት በአስተርጓሚው በኩል።

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ታላቅ ወንድሟ ኅሩይ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ በዚያው ቀረ። እናቷ «አስከሬኑን ሳላይ ሞተ አልልም» እንዳሉ አረፉ፤ እሷም ያንኑ ቃል ይዛ አርባ ዓመት ኖረች።

«የትም» አለቻቸው።

በማግስቱ አለቃዋ ጠራት። ካሜራው ሁሉን አሳይቷል። «ማዳም፣ እርስዎ? ለሐውልት ውሃ?»

«ለሐውልት አልሰጠሁም» አለች። «ለእንግዳ ነው የሰጠሁት።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ፈርማ ተቀበለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደሥላሴን ጠብቃ፣ «አባ፣ ለወንድሜ ፍትሐት ይደረግልኝ» አለቻቸው።

ካህኑ የወንድሟን መጥፋት ያውቁ ነበርና ደነገጡ። «ወሬው ተሰማ እንዴ ልጄ?»

«አልተሰማም፤ ግን ሞቷል።»

ሌላ አልጠየቋትም። የክርስትና ስሙን ብቻ ጠየቋት፤ «ገብረ መድኅን» አለች። እንባዋ የመጣው ጸሎቱ ሲጀመር ነው። ኅሩይን በመልክ እንኳ የማያውቁ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሁለት ወገን ያዟት፤ የአርባ ዓመቱን ለቅሶ አብረዋት አለቀሱ።