በቀኝ ያልኳት እኔ ነኝ

ይህን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስናገር የኖርኩት ውሸቱን ነው። ሜልቦርን የምትኖሩና ሰብለን የምታውቋት ከሆነ፣ እናንተም ከእኔው አፍ ሰምታችሁት ይሆናል። አሁን እውነቱን ስሙኝ።

ሰብለ ጓደኛዬ ናት። ዳንደኖንግ ውስጥ ትንሽ ጸጉር ቤት ነበራት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ሹሩባ ስትሠራ አይደክማትም ነበር። እኔ ዌሪቢ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ዕረፍታችንን አጋጥመን ጃፓን እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። አውሮፕላኑንም ሆቴሉንም ቡክ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከቶኪዮ በባቡር ሁለት ሰዓት የማይሞላ ተራራ አለ፣ ጠዋት ወጥተን ማታ እንመለሳለን ያልኩትም እኔው ነኝ። ሰብለ አምናኝ ተከተለችኝ።

ባቡሩ ያወረደን ትንሽ ጣቢያ ላይ ነው። ከመንገዱ መነሻ ሻይ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በስልኬ ያለውን ካርታ ሳሳያቸው፣ ከጫፉ ከሚወርዱት ሁለት መንገዶች የቀኙን በጣታቸው ነኩና ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቀሉ። ቀጥለው መሬት ሲናድ በእጃቸው አሳዩኝ። ቋንቋቸውን ባላውቅም ያሉት ገብቶኛል። ሰብለ ያን ጊዜ ውሃ እየገዛች ስለነበር አላየችም። እኔም አልነገርኳት።

አወጣጣችን መልካም ነበር። ዛፉ ረጅም፣ ጥላው ቀዝቃዛ ነው። ድብ እንዲሸሻቸው ቦርሳቸው ላይ ቃጭል ያንጠለጠሉ ሰዎች ሲያልፉን አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሉናል። ሰብለ በየደረሰችበት ትቆማለች፤ ፎቶ ታነሣለች፣ ሰው ታናግራለች። ጫፉ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠርቶ ከተማው ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። «ትንሽ እንቀመጥ፣ ምን ያጣድፈናል?» አለችኝ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። የአሥር ሰዓቱ ባቡር ካመለጠን ቶኪዮ የያዝኩት ራት ይቀርብናል። ለራት ነበር እንግዲህ።

ወርደን መንታው መንገድ ጋ ስንደርስ ሰብለ ከፊቴ ነበረች። ዞር ብላ «ራሔል፣ በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

በግራ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፣ በቀኝ አርባ ደቂቃ።

«በቀኝ» አልኳት።

«ገመድ ተወጥሮበታል እኮ።»

«እሱ ለዝናብ ጊዜ ነው። እለፊው።»

ምን ነክቶኝ ነው? ደክሞኝ ነበር? አልደከመኝም። የሽማግሌውን ምልክት ረስቼው ነበር? አልረሳሁትም። አዘገየችኝ ብዬ አኩርፌ ነበር፣ ሌላ ነገር የለውም። እያወቅሁ ሰደድኳት።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድን መሬቱ ከእግሯ ሥር ተናደ። ተንከባላ ወርዳ ከታች ካለው ድንጋይ ጋር ስትጋጭ ቆመች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰባብሯል፣ ራሷም ተመትቷል። በስልክ የጠራኋቸው የነፍስ አድን ሰዎች መጥተው በቃሬዛ ሲያወጧት ራሷን አታውቅም ነበር።

ከሆስፒታሉ ኮሪደር ለእናቷ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። «የተዘጋ መንገድ ውስጥ ምን አገባችሁ?» አሉኝ። ቀድማኝ ገባች፣ ብጠራት ብጠራት አልሰማችኝም አልኳቸው። ይህን ለማለት አላመነታሁም፤ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ነበር የሚመስለው።

ሰብለ ስትነቃ ከጫፉ በኋላ የሆነውን አንዱንም አታስታውስም። ለእሷም ያንኑ ነገርኳት። እጄን ያዘችና «ይቅርታ ራሔልዬ፣ ዕረፍትሽን አበላሸሁብሽ» አለችኝ።

«ምንም አይደል» አልኳት።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ይቅርታዋን ተቀበልኳት።

ሦስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ዛሬም ታነክሳለች፤ ብዙ መቆም ስለማትችል ጸጉር ቤቱን ዘግታ በስልክ ታስተረጉማለች። እትዬ ዘነበች በየግብዣው እሷን «ግዴለሽ» እያሉ፣ እኔን «ልጄን ያተረፈችልኝ» ብለው ይመርቁኛል። አሜን እላለሁ። ስንት ጊዜ አሜን አልኩ?

በቅርቡ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤቷ ጋር ተራራ ልትወጣ ተነሣች። ሰብለ ቤታችን መጥታ ስትመክራት ሰማሁ፤ «እንደ እኔ ቀድመሽ እንዳትሮጪ፣ ሲጠሩሽ ስሚ።» ልጄ «ኦኬ» አለች። ውሸቴ ልጄ ጋ ደረሰ። እዚያው ወሰንኩ።

ቅዳሜ ዳንደኖንግ ቤቷ ሄጄ ለሰብለ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። «እኔ ራሴን ስረግም ነው የኖርኩት» አለች። ቀጥላ፣ «ለእማዬ ራስሽ ንገሪያት። አሁን ሂጂልኝ።»

በማግሥቱ ኖርዝ ሜልቦርን ሄድኩ። እትዬ ዘነበች በር ላይ ሊስሙኝ ሲሉ ወደ ኋላ አልኩ። «እትዬ፣ በቀኝ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። የዋሸሁዎትም እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙኝ። አልተሳደቡም፣ አልረገሙኝም። ስልካቸውን አነሡና እፊቴ ደወሉ። «ሰብልዬ፣ እናትሽን ይቅር በይኝ» አሉ። በእኔ ኃጢአት እሳቸው ይቅርታ ሲለምኑ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ዞሬ ሄድኩ።

ሰብለ እስካሁን አልደወለችም። ላትደውል ትችላለች፤ አላጣድፋትም። ውሸቱን የነገርኳቸውን ሰዎች ግን አንድ በአንድ እየዞርኩ እነግራለሁ፤ ያልደረስኩበት ይህን ያንብብ።

ትናንት ለባለቤቴና ለልጄ ነገርኳቸው። ልጄ በእንግሊዝኛዋ «ለምን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስላዘገየችኝ ተናድጄባት ነው አልኳት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁላት፤ ለእናንተም የለኝም።