የአጎቴ ዘንጎች ቦታ

ዛሬ በአንድ አናጢ ቤት ደጃፍ ሳልፍ የቫርኒሽ ሽታ ይዞ አቆመኝና አሰላ፣ ግቢያችን ውስጥ ወደነበረችው ጀልባ መለሰኝ።

ጀልባዋን አጎቴና አያቴ አብረው ነው የሠሯት፤ ትንሽ ክፍል ነበራት። አጎቴ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሊያወርዳት ነበር። ጊዜው የደርግ ነበር። የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው፣ ሲሳቡ የሚረዝሙትን የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹን "የሬዲዮ አንቴና ነው" ብለው ወሰዱ፤ እሱንም አብረው።

በማግስቱ አያቴ የጀልባዋ ክፍል ውስጥ ገብተው የዘንግ ማስቀመጫ መሥራት ጀመሩ። ግራ ገባኝ።

"አባባ፣ ዘንጎቹ እኮ የሉም!"

"ሚስማሩን አቀብይኝ" አሉኝ። "ቦታው ከተዘጋጀ ባለቤቱ መምጣቱ አይቀርም።"

ቫርኒሹ ሲደርቅ ከዘራቸውን ማስቀመጫው ላይ አጋደሙት፤ ልክ ገባ። ከዚያ ትከሻዬን ተደግፈው ወጡ።

"ከዘራዎን ረሱት!"

"ተይው፣ ቦታ ይያዝለት።"

አጎቴ አልተመለሰም፤ ጀልባዋም ሐይቅ ሳታይ እዚያው በሰበሰች። አያቴም ከዚያ ወዲያ ከዘራ አልያዙም፤ በእኔ ትከሻ ነበር የሚሄዱት።

"ምን ፈልገሽ ነው እህቴ?" አለኝ አናጢው። እጄ ትከሻዬ ላይ ነበር።