ቀጋ ያሳደገቻት ጽጌረዳ

ዛሬ ጠዋት ሲ.ኤም.ሲ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ በአሮጌ የቀለም ባልዲ የተከልኳት ጽጌረዳ የመጀመሪያ አበባዋን አወጣች። ዓመት ሙሉ ስጠብቃት የኖርኩት የእናቴ ጽጌረዳ ቀይ ናት፤ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ቅጠሉ ድርብርብ የሆነ፣ ከሩቅ የሚሸት ቀይ። የፈነዳችው ግን ነጭ ናት። አምስት ስስ ቅጠል ብቻ፣ መሃሏ ቢጫ። ጎንበስ ብዬ ባሸታት እንጦጦ እንጦጦ አለችኝ፤ ያኔ ምን እንደሠራሁ ገባኝና የሌሊት ልብሴን እንደለበስኩ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤት አይቶኝ ከሆነ ባሏ ጥሏት ሄደ ብሎ ይሆናል።

ነገሩ የሚጀምረው ቀበና፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብላ ከነበረችው የጭቃ ቤታችን ነው። እናቴ ስታገባ ከወላጆቿ ግቢ ይዛ የወጣችው አንድ የጽጌረዳ ቁራጭ ብቻ ነበር። ቤተሰቦቿ አባቴን አልወደዱትም፤ የካ ተራራ ጥግ ከኦሮሞ ገበሬ ቤት ወጥቶ መሥሪያ ቤት ታይፕ የሚመታ ልጅ አማች አልመሰላቸውም፤ ታዲያ ሌላውን ስጦታ ማን ሰጥቷት። ያቺ ቁራጭ ደግሞ የቀበና መሬት አልስማማ ብሏት ክረምት በመጣ ቁጥር ሥሯ ይበሰብሳል፣ እናቴ የተረፈውን ቀንበጥ ቆርጣ እንደገና ትተክላለች፣ እሱም እንደገና ይጠወልጋል። በመጨረሻ ጭራሮ የምታህል አንዲት ቅርንጫፍ ስትቀር አባቴ፣ «እዚህ አገር ዘመድ የላትም እኮ፤ ዘመድ እንፈልግላት» አለ ይባላል። ይባላል የምለው ያኔ ገና ስላልተወለድኩ ነው፤ እናቴ ግን ይቺን ወሬ ባወራች ቁጥር ፊቷ ፍክት ይል ነበር።

ዘመድ የተባለችው ቀጋ ነበረች፤ የእንጦጦ ገደል ላይ ማንም ሳይተክላት የምትበቅለው፣ ውርጭም ጭቃም የማይበግራት እሾሃም የዱር ጽጌረዳ። አባቴ ከነሥሯ ነቅሎ አምጥቶ ደጃችን ተከላት፣ የእናቴንም ጽጌረዳ እሷ ላይ አዳቀላት። እኔና ወንድሜ ነፍስ ካወቅን በኋላም፣ አንዷ ብትሞት ሌላዋ እንድትተርፍ እያለ፣ ክረምቱ ሲወጣ አዲስ ቀጋ ፍለጋ ይዞን ወደ እንጦጦ ይወጣ ነበር። ባሕር ዛፉ በማለዳ ጤዛ እየሸተተ፣ እግራችን ቀይ አፈር ላይ እያዳለጠ፣ እኛ ፍሬዋን እየለቀምን ስንበላ እሱ በመሥሪያ ቤት ሸሚዙ ተንበርክኮ ሲቆፍር፣ ስንመለስ እጁ ከታይፑ ቀለምና ከእሾሁ ጭረት የተነሳ የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

የዚህን ሥራ ቃላት አባቴ ከትምህርት ቤት አላመጣቸውም፤ ከቤቱ ነው ያመጣቸው። ማዳቀሉን ራሱን ጉዲፈቻ ይለዋል። ቀጋዋ አሳዳጊ ናት። ከእናቴ ጽጌረዳ በሰንጢ ፈልቀቅ አድርጎ የሚያነሳት፣ ስንዴ የምታህለው፣ ኋላ ቅርንጫፍ የምትሆነው እምቡጥ ደግሞ ልጅ ትባላለች። የአሳዳጊዋን ልጥ ሰንጥቆ ልጅቷን ማስገቢያ ሲያበጅላት በር ከፈትኩላት ይላል፤ ከዚያ ከጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በቀጭኑ በተቆረጠ ማሰሪያ ዙሪያዋን ጥብቅ አድርጎ ይጠመጥምና አዘልኳት ይላል። የታዘለችው እስክትይዝ ድረስ ያቺ ተክል አራስ ናት፤ በአጠገቧ መሮጥ የለም፣ ኳስ የለም፣ ዶሮ እንኳ ድርሽ አይልም። እኛ በጣታችን ጫፍ ስናልፍ እናቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ገንፎ ላገንፋላት እንዴ?» ትለዋለች፤ እሱ ቆጣ ብሎ፣ «አታሹፊ፣ ይያዝላት» ይላል። ላስቲኩ ተፈትቶ ልጅቷ አረንጓዴ ሆና ከተገኘች ግን ማንንም ሳያሳይ፣ «ነይ፣ ልጅሽን እዪ» ብሎ መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነበር። እናቴም ሥራዋን ጥላ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትመጣለች። ለምን እንዲህ ጎን ለጎን ቆመው እንደሚያዩአት ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር፤ አሁን ሁለቱንም ካጣሁ በኋላ ነው የገባኝ።

ከማሰሪያው በታች፣ ከአሳዳጊዋ ሥር የሚወጣው ቀንበጥ ጎረምሳ ይባላል። ጎረምሳ ያምራል፤ ወፍራም ነው፣ ለምለም ነው፣ እድገቱ አያድርስ ነው። ካልተቆረጠ ግን ምግቡን ሁሉ ጠቅልሎ ልጅቷን በረሃብ ይገድላታል። ስለዚህ «ጎረምሳውን ቁረጡት» የቤታችን የዘወትር ትእዛዝ ነበር፤ ወንድሜ ጢም ሲያበቅልና ማምሸት ሲጀምር እንኳ አባቴ ሰንጢውን እያሳየ ያስፈራራው ነበር።

አምና የቀበና ሰፈራችን ለወንዝ ዳር ልማት ሲነሳ ሄድኩ። ወላጆቼ ካለፉ ቆይተዋል፤ ቤቱ ተከራይ ሲገባበት ሲወጣበት ከኖረ በኋላ ያን ቀን ጣራው እየተገፈፈ ነበር፤ አቧራውና የቆርቆሮው ጩኸት አያስቆምም። ከእናቴ ጽጌረዳዎች የቀረችው አንዷ ጥግ ላይ አለች፤ ላይዋ የሰለለና የደረቀ፣ ከጎኗ ግን አንድ ወፍራም አረንጓዴ ዘንግ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ተመስገን፣ እማዬ አልሞተችም አልኩ። ያንኑ ቆረጥኩና በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌ መገናኛ ድረስ በታክሲ ሄድኩ። ረዳቱ፣ «ማዘር፣ እሾኩን ወደራስዎ ያዙሩት» አለኝ፤ ደስታዬ ብዛቱ፣ በእሾኩ እየተወጋሁ ሳቅሁ።

ባልዲው ውስጥ ወዲያው ያዘ። ያን ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩም፤ የእናቴ ጽጌረዳ በራሷ ሥር ቆማ አታውቅም እኮ። ለልጄ ስንቴ ጉራዬን ነፋሁባት፣ ቆይ ቀዩን ስታዪ እያልኩ። እነዚያን ቃላት ሁሉ እንደ ስሜ እያወቅኋቸው፣ ሰንጢ ይዤ ቆሜ፣ ከደረቁት መሃል አንዲት ሕይወት ያላት እምቡጥ መፈለግ ሲገባኝ፣ ለምለም አየሁና ጎረምሳውን ይዤ ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት እንባዬን ጠርጌ ደግሞ ወደ ቀበና ሄድኩ። ጥጉ የነበረበት ቦታ አሁን የእግረኛ መንገድ ነው፤ ሣርና መብራት አለው፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ያምራል፣ አላማውም። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ልጄ በረንዳው ላይ ሆና ነጯን አበባ በስልኳ ታነሳለች። አሳዳጊዋ እጄ ላይ ናት። በር መክፈቱን፣ ማዘሉን፣ አራስ መጠበቁን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ሰንጢ እንኳ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አለ። የጎደለችኝ ስንዴ የምታህል አንዲት እምቡጥ ናት።

«ማሚ፣ የአያቴ ጽጌረዳ ይቺ ናት?» አለችኝ።

«አይደለችም፤ ያሳደገቻት ናት» አልኳት።

«ልጅቷስ?»

«ቀበና ቀረች» አልኳትና ባልዲው ላይ ውኃ አፈሰስኩ።