እትዬ ቅጠል ያጠጣችው ግቢ

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ «እትዬ ቅጠል» ይላት ነበር። ከቤቷ ፊት ባለው ጠባብ ግቢ ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች፤ በተቆረጠ ጀሪካን፣ በወተት ቆርቆሮ፣ አንዷን ሎሚ እንዲያውም በሟች ባሏ ቦቲ ጫማ ውስጥ ተክላታለች። «በሕይወቱ ጫማውን ለወንድሙ እንኳ አያውስም ነበር፤ ይኸው ሎሚ ተጫማችው» ትላለች። ጠዋትና ማታ ግቢውን ታጠጣለች።

ከግቢዋ ጀርባ የቆሻሻ መጣያው አለ። የብረት ፋብሪካው የቅባት ማጠቢያ ኬሚካሉን በበርሜል እያመጣ እዚያ ሲቀብር ኖሯል። በርሜሎቹ ዛጉ፤ ኬሚካሉ አፈር ውስጥ ገብቶ እየተነነ፣ ትነቱ በመሬት ውስጥ ለውስጥ ወደ ቤቶቹ ይሄዳል። ጠዋት ከወለሏ ሥር ጣፋጭ ሽታ ይነሣል፤ እንደ ጥፍር ቀለም ያለ። ባሏ ሲሞት ሽታውን ያሰበው ሰው አልነበረም። ልጇ አርግዛ እናቷ ቤት በተመለሰች ጊዜ ግን በዚያው መደዳ ሁለት ሕፃናት ልባቸው ታሞ መወለዳቸው ተሰማ፤ እህቴ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበራትም።

ምትክ ቤት እንዲሰጣት ያመለከተችበት የወረዳው ቢሮ የጠየቃት አንድ ነገር ነው፤ ማስረጃ። ከግቢዋ አፈር በሚቀዳው አየር ውስጥ ኬሚካሉ ከተፈቀደው በላይ ከተገኘ፣ ልጇ ሳትወልድ ይዛት የምትገባበት ቤት ይሰጣታል። ካልተገኘ እዚያው ናት። ማመልከቻዎቿን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ደጅ የጠናችው እሷ።

በመጨረሻ የቢሮው ባለሙያ ከሾፌሩ ጋር መጣ። የብረት ዘንግ በመዶሻ መሬት ውስጥ ሰደዱ፣ ቀጭን ቱቦ አወረዱ፣ ዙሪያውን ደፈኑ። ቱቦው የአፈሩን አየር ስቦ ብረት ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት ነበረበት። ውኃ ሳበ።

«ዝናብ ሳይኖር ግቢው ለምን ራሰ?» አለ ባለሙያው።

«እኔ ነኝ ልጄ። እንግዳ ናችሁ፤ አቧራ እንዳይቦንባችሁ ብዬ ማታ በደንብ አጠጣሁት።»

ሾፌሩ ሳቀ። «እትዬ፣ እኛ አየር ልንቀዳ መጣን፣ እርስዎ ውኃ አስቀዱን።»

ባለሙያው አልሳቀም። «እማማ፣ የራሰ አፈር ትነት አያሳልፍም። አሁን ናሙና ብወስድ ውጤቱ ንጹሕ ነው የሚለኝ። ንጹሕ ከተባለ ደግሞ ፋይልዎ ተዘጋ ማለት ነው።»

«ታዲያ ትነቱ የት ይገባል?»

«ደረቅ መንገድ ይፈልጋል።»

እህቴ ግቢዋን ከዳር እስከ ዳር አየች። ከዚያ ዞራ ቤቱን አየች። ደረቅ የቀረው ከወለሉ ሥር ያለው መሬት ብቻ ነበር።

«እኔው ነኛ ወደ ቤት ስነዳው የኖርኩት» አለች፣ ቀስ ብላ። «እንግዲያው ወለሉን ብሱት።»

«ፈቃዳችን ለግቢው ነው። ሲደርቅ እንመለሳለን። ይቺን ቦታ ብቻ ውኃ አያስነኩብኝ።»

ባዶ ሳፋ አምጥታ ቦታው ላይ ደፋችበት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማጠጣት አቆመች። ችግኞቹ መጀመሪያ ቅጠላቸው ተጠቀለለ፣ ከዚያ ረገፈ። የሎሚዋም ተራ ደረሰ። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «እትዬ ቅጠል፣ አሁንማ እትዬ ጭራሮ እንበልሽ?» ስትላት «በዪ፤ ብቻ እጣቢሽን ወደዚህ እንዳትደፊብኝ» አለቻት።

መርማሪዎቹ አልመጡም። መኪናው ተበላሸ ተባለ፤ ቀጥሎ ባለሙያው ስብሰባ ገባ ተባለ። የልጇ ሆድ እየገፋ፣ ሰማዩ እየጠቆረ መጣ። እህቴ ትልቅ ላስቲክ ገዝታ ግቢውን አለበሰችው፤ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫነችበት። ኮራ ብላ ለባለሙያው ደወለች።

«ያንሱት እማማ» አላት። «ከላይ ከተከደነ ትነቱ ወደ ጎን ነው የሚሄደው።»

ወደ ጎን ወዴት እንደሆነ አልጠየቀችውም።

በዚያው ቀን ዝናቡ ሲጀምር እኔም እዚያው ነበርኩ። እየሮጠች ወጥታ ድንጋዮቹን መፈንቀል ያዘች።

«ምን እያደረግሽ ነው? መሬቱ ከራሰ እኮ ምርመራው ቀረ።»

«አታውራ፤ ጫፉን ያዝልኝ።»

አራት አጣና ተከልን፤ ላስቲኩን በላዩ ወጠርን፤ የልጇን አልጋ ሽታው ካለበት ቤት አውጥተን ነፋስ እንደ ልቡ በሚያልፍበት ጥላ ሥር አስገባን።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?» አለች ልጅቷ።

«ያቺ ክፉ፣ ነፍሰ ጡር ልጇን ከቤት አባረረች ይበሉ።»

ግቢው በሙሉ ጭቃ ሆነ። እህቴ ግን ከቤቱ አልወጣችም። ዕቃው ይሰረቃል አለች፤ ላስቲኩም ለሁለት አይበቃም አለች። ብለምናትም አልሰማችኝም።

ልጅቷ ወለደች። የሕፃኑ ልብ ይመታል፤ በደህና መምታቱን የሚነግረን ሐኪም ዘንድ ግን ገና ተራ አልደረሰንም። እህቴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ሐኪሙ ጉበት ነው አለ፤ ከምን እንደመጣ አልጻፈም። እኔም ያልተረጋገጠውን አልጽፍም።

ከቀብር ስንመለስ ሳፋው እንደተደፋ ነበር። ብድግ አደረግሁት። ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነው። ጎንበስ ስል ያ ጣፋጭ ሽታ ፊቴን መታኝ። መልሼ ደፋሁትና ለባለሙያው ደወልኩ።

«ግቢው ደረቀ?» አለኝ።

«የሳፋ ስፋት ያህል» አልኩት።