የፌስቲ ሙቅ አረፋ

በትራባን መንደር ጢም የሚላጨው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እሑድ ለቅዳሴ የሚሄድ ወንድ ሁሉ፣ ዓሣ አጥማጁም ድንች ቆፋሪውም፣ ጢም ላጪው ፌስቲ ቤት ተሰብስቦ ተራውን ይጠብቃል። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። አንድ የእንጨት ወንበር፣ የባሕር ጨው ጠርዙን የበላው መስተዋት፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የምላጭ መሳያ ቆዳ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከረግረግ ተቆርጦ እንደ ማገዶ የሚነድ ደረቅ አፈር የሚጨስበት ምድጃ አለ። ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ቀኑን ሙሉ ያፏጫል።

በዚያ በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ከፌስቲ የተሻለ ምላጭ የሚስል ሰው ሞልቶ ነበር። አረፋ ሳይቀዘቅዝበት ላጭቶ የሚጨርስ ግን እሱ ብቻ ነው። ከአባቱ የወረሰው ቡናማ ሸክላ ኩባያ ሁለት ሆድ አለው። የታችኛው ሆድ የፈላ ውሃ ይይዛል፤ በጎኑ ሰፋ ያለ አፍ ስላለው ብሩሹ እዚያ ውስጥ ቆሞ ይሞቃል። የላይኛው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሳሙናው እዚያ ላይ እየተመታ አረፋ ይሆናል። ፌስቲ መጀመሪያ ያፈሰሰውን ውሃ፣ ሸክላውን ካሞቀለት በኋላ ይደፋዋል። ሁለተኛው ውሃ ነው የሚቆየው። ከዚያ ጥቂት አረፋ ነክቶ የእጁን አንጓ ውስጡን ይቀባል፤ እናት የሕፃን ወተት እንደምትለካው። መጀመሪያ ጢሙን ወደ አበቃቀሉ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ሽቅብ ይላጫል። ሽቅቡን ሲጀምርም አረፋው ያው እንደ ፊተኛው ሞቃት ነው።

“ፌስቲ፣ ሰውዬውን እየላጨኸው ነው ወይስ እየቀቀልከው?” ይላል ማይክሊን፣ ተራ መጠበቅ የማይሆንለት ዓሣ አጥማጅ።

“አይዞህ፣ አንተን ጥሬህን ነው የምሰድህ።”

ሰው ሁሉ ይስቃል። ፌስቲ አይስቅም፤ ምላጭ የያዘ ሰው አይስቅም።

ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑን ጨፍኖ እንቅልፍ የሚወስደው ኮልማን ነበር፣ የአሮጊቷ የባቢን አንድያ ልጅ። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ ቀይ ነው። በግራ መንጋጋው ሥር ጠጉሩ እንደ ሌላው ቁልቁል አይበቅልም፤ ቀዳዳ ውስጥ እንደሚወርድ ውሃ ይሽከረከራል። ደረቅ ሲሆን ከቀረው ጢም ጋር ተደባልቆ አይታይም። ሙቅ አረፋ ሲያገኘው ግን ይነሣና አረፋውን ራሱን ያዞረዋል። ፌስቲ እዚያ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዛል።

“እናቴ ይህን ኩባያ ብታይ ሾርባ ያመጣህልኝ ነው የሚመስላት” ይለው ነበር ኮልማን፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሙታንንም የሚላጨው ፌስቲ ነው። ለእነሱ ሌላ የቆርቆሮ ኩባያ አለው፤ ውሃውም ከጉድጓድ እንደ ወጣ ነው። ፊቱ የሞቀ ሬሳ ቅዳሜ የደረሰ ይመስለዋል፣ ለቅዳሴም ይነሣል ይባላል። ፌስቲ ይህን ከአባቱ ሰምቷል። ያምነው እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

በክረምቱ መግቢያ፣ ነፋሱ ከምዕራብ በዞረበት ሰሞን፣ ኮልማን ከነጀልባው ሳይመለስ ቀረ። በዚያው ማዕበል ከፊት ለፊት ካለችው ደሴት ሌላ ሰው ጠፋ፤ እሱም ወጣት፣ እሱም ቀይ ጢም ያለው። ባቢን ልቅሶ አልቀመጥም አለች። ድስቷ ውስጥ ለሁለት ሰው የሚሆን ድንች እየቀቀለች፣ በሯን ገርበብ አድርጋ ከረመች።

ሐሙስ ጠዋት ማይክሊን ከባሕር ሣር መሀል አንድ ሬሳ አገኘ። ባሕሩ ልብሱን ገፎ ፊቱን አሳብጦታል። የመንደሩ ሰው አየው፤ ማንም ደፍሮ እሱ ነው፣ አይደለምም አላለም። የደሴቱ ሰዎች ወሬውን ሰምተው፣ ነገ ጠዋት መጥተን የእኛን እንወስዳለን ብለው ላኩ። ባቢን ሬሳውን ወደ ቤቷ አስገብታ ጠረጴዛዋ ላይ አስተኛችው። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፣ ደግማ ዳሰሰችው።

“እጄ አላወቀውም” አለች። “ፌስቲን ጥሩልኝ።”

ሲመሽ ፌስቲ የቆርቆሮውን ኩባያ ይዞ መጣ። ቀዝቃዛውን አረፋ መንጋጋው ሥር ቀባ። ጠጉሩ በጨው ተጣብቆ ተኝቷል፤ አረፋው እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ተንሸራቶ ወረደ።

“እማማ ባቢን፣ ለማወቅ አልቻልኩም።”

“ያኛውን አምጣ።”

“ያኛው እኮ የሕያዋን ነው።”

“አውቃለሁ። አምጣው አልኩህ። የሕያው እናት ልሁን የሙት ሳላውቅ ሊነጋብኝ ነው።”

በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው ማይክሊን ቆቡን አነሣ። “እኔ እንግዲህ ጀልባዬን ልሰር።”

“ጠዋት አስረሃት የለም እንዴ?” አለው ፌስቲ።

“እንደገና ላስራት።” ወጥቶ ሄደ።

ፌስቲ ሄዶ የሸክላውን ኩባያ እስኪያመጣ ባቢን ራሷ ውሃ አፈላች። ፌስቲ የመጀመሪያውን ደፋ፣ ሁለተኛውን ሞላ፣ አረፋውን መታ። በአንጓው ሊለካ ሲል እጁ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ለካው። ፊቱን በሙሉ ቀባና ጠበቀ። ጨው ሟሟ። ጠጉሩ አንድ በአንድ ቀና አለ። ግራ መንጋጋው ሥር ነጩ አረፋ ቀስ ብሎ ዞረ።

“እሱ ነው እማማ” አለ። “ኮልማን ነው።”

“እህ” አለች ባቢን። በርጩማዋን ስባ ራስጌው አጠገብ ተቀመጠች። “በል ጨርስለት።”

ፌስቲ ቀኙን ጉንጭ ላጨ። ምላጩን በጨርቅ ጠርጎ ተጨማሪ አረፋ ሊነካ ወደ ኩባያው ሲዞር ሸክላው ቀዝቅዟል፤ የላይኛው አረፋ ሟሙቶ ውሃ ሆኗል። የኮልማን ግራ ጉንጭ ላይ ያለው አረፋ ግን እንፋሎት ያወጣል። እዚያ የተቀባው ከሁሉ በፊት ነበር።

ቀረብ ብሎ አየው። ከአፍንጫው ሥር ትንንሽ አረፋዎች ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ እንደገና ያብጣሉ። የተላጨው ቀኝ ጉንጭ ግራጫ መሆኑ ቀርቶ ቅላት ገብቶበታል። ፌስቲ ዓይኑን ወደ እግሩ በኩል አዞረ። ቅድም በአንሶላው ሥር ወዲያና ወዲህ የተንጋደዱት እግሮች አሁን ጎን ለጎን ገጥመዋል፤ ከአልጋ ሊወርድ እንደተሰናዳ ሰው።

“ምነው ቆምክ?” አለች ባቢን። እጇን ዘርግታ ግራ ጉንጩን በመዳፏ ሸፈነች። ረጅም ጊዜ ሳታነሣው ቆየች። “ሞቋል” አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የልጃገረድ ድምፅ ይመስል ነበር።

“ሞቋል እማማ።”

“ብተወው ይመጣልኛላ። እሑድ።”

“ይመጣል ይሆናል። ምን ሆኖ እንደሚመጣ ግን አላውቅም።”

ባቢን ጆሮዋን ሰጠች። ከኮልማን ጠጉር የባሕር ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ጠዋት በፎጣ አድርቀውት ነበር፤ ጠብታው ግን አላቋረጠም፣ እንዲያውም ፈጥኗል። ከጠረጴዛው ሥር ውሃው በጭቃው ወለል ላይ መንገድ አበጅቶ ወደ በሩ ይሄዳል። የባሕሩ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። አሮጊቷ እርጥቡን ወለል በባዶ እግሯ ጣቶች ዳሰሰች፤ ውሃው ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ባሕሩ እንደሚሄድ እስኪገባት ድረስ። እጇ ጉንጩ ላይ እንዳለ ነው።

ከዚያ ተነሣች። ግድግዳውን እየዳበሰች ባልዲው ጋ ደረሰች፣ ጨርቅ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነከረች፤ ሳትጨምቀው አምጥታ የልጇ ፊት ላይ አለበሰችው። አረፋው ከጨርቁ ሥር እፍ እንደተባለ ሻማ ትንሽ ድምፅ አሰማ።

“አይ የኔ ልጅ” አለችው ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ። “ቅዳሜ አይደለም። ተሳስተህ ነው። ገና ሐሙስ ነው። ተኛ።”

በአንሶላው ሥር እግሮቹ ቀስ ብለው ተለያዩ።

ፌስቲ ጨርቁን አንሥቶ የቆርቆሮውን ኩባያ ወሰደ። ቀዝቃዛ አረፋ መትቶ ግራውን ጉንጭ ቀባና ምላጩን አሳረፈ። ጠጉሩ በቀዝቃዛው ውሃ ጠንክሮ ነበር፤ ምላጩ እየያዘ ይጎትተዋል።

“ቀስ በልለት” አለች ባቢን።

“እሺ እማማ” አለ ፌስቲ፣ እጁንም አቀለለ።